ምሰሶው ላይ የቀረው ማሽን

የትምህርት ቤታችን ባንዲራ ሁለት ቀን ሳይሰቀል የዋለው በእኔ ምክንያት ነው። ታሪኩን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በየባጃጁ ሲወራ እኔ ከነበርኩት የባሰ ሞኝ ሆኜ ስለምገኝ፣ ራሴው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። የነበርኩት ሞኝነት ይበቃኛል።

ያኔ በፊዚክስ መምህርነት እዚህ ከተመደብኩ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የጎጃም ልጅ ነኝ። ሰዉን ወድጄዋለሁ፣ ሙዙንና አናናሱንም እንዲሁ፤ ከዝናቡ ጋር ግን አልታረቅንም ነበር። ጫማዬን ጠርጌ ከቤት ወጥቼ ትምህርት ቤት በር ስደርስ የማን ጫማ እንዳደረግሁ ለማወቅ ይቸግረኛል። ይህን የማነሣው ጭቃ መጥላቴ ኋላ ጣጣ ስላመጣብኝ ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ተሰጥቶት ነበር። በውስጡ ትንንሽ ሞተሮች፣ ጎማዎች፣ ሽቦዎች፣ ብርሃንና ርቀት የሚለዩ ሴንሰሮች፣ የማሽኑ አንጎል የሆኑ መዳፍ የማይሞሉ ሰሌዳዎችና አንድ ወፍራም መመሪያ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ መጣሁና የሮቦቲክስ ክበብ ኃላፊ ተባልኩ። በመጀመሪያው ዓመት መመሪያውን ከገጽ አንድ ጀምሬ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ዘጠኝ ቡድን ነበረኝ፤ ዘጠኙም ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ አንድ ዓይነት መኪና ሠሩ። ኮርቼ ሳበቃ፣ ምሕረት የምትባል የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና መኪናዋ የት ለመድረስ እንደምትሄድ ጠየቀችኝ። መስመሩን ትከተላለች አልኳት። እሱንማ አየሁ፣ ግን የት ትደርሳለች አለችኝ። 

ክረምቱን ሳስብበት ከረምኩ። በመስከረም መመሪያውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩትና ልጆቹን፣ “ከየቤታችሁ ሰው የሚያስቸግር አንድ ሥራ አምጡ፤ መፍትሔውን ራሳችሁ አስባችሁ ሥሩ፤ እኔ መልሱን አልነግራችሁም” አልኳቸው። ይህን ማለቴ እንዴት እንዳኮራኝ አልነግራችሁም። በመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ በያዝኩ ቁጥር ስለዚሁ ሳወራ፣ ባልደረቦቼ ሻያቸውን ይዘው ሌላ ወንበር ይፈልጉ ጀመር።

ምሕረት ያመጣችው የአባቷን ሥራ ነው። አባቷ አቶ ገብሬ በሸኮ መንገድ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ቡናም አላቸው፣ ዋናው ሙያቸው ግን ማር ነው። ቀፎውን እንደ አባቶቻቸው ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ይሰቅላሉ፣ ሲደርስም ወጥተው ያወርዳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ነበር፤ ሲድን በትክክል አልገጠመም፣ ያነክሳሉ። አሁንም ግን ይወጣሉ። ምሕረት እሳቸው ጫካ በዋሉ ቀን ትምህርት አይገባትም። ስለዚህ በእሳቸው ፈንታ ዛፍ የሚወጣ ማሽን ለመሥራት ተነሣች። አብሯት የሠራው ሙራድ ነው፤ አባቱ የሬዲዮና የስልክ መለዋወጫ ሱቅ ስላላቸው ከሳጥኑ ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ ከሙራድ ኪስ ይገኛል።

ሦስት ወር ለፉ። የሠሩት ግንድን እንደ ቀለበት የሚያቅፍ የብረት ፍሬም ነው። በአንድ ጎኑ ባትሪ ተንጠልጥሏል፤ በባትሪው ክብደት ፍሬሙ ዘመም ሲል ጎማዎቹ ግንዱን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ፣ ሞተሮቹ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋሉ። ሐሳቡ የራሳቸው ነው፤ አንዲት ቃል አልረዳኋቸውም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ማሽኑ አለቀ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ከዞን እንግዶች መጥተው የክበባትን ሥራ ሊጎበኙ ነው፤ ለእሱም ግቢው ውስጥ በቀርከሃ ዳስ እየተሠራ ነበር። ምሕረት ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ዛፍ ላይ ሄደን እንሞክረው አለችኝ። ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። ጫማዬን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ።

“ዛፍ ለምን አስፈለገ?” አልኳት። “የባንዲራው ምሰሶ አለ አይደል? ክብ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ንጹሕ ነው።”

ሙራድ ትንሽ አመነታ። ሂዱ፣ እኔ ወረቀት አርሜ እመጣለሁ አልኳቸው።

ከጩኸቱ የተነሣ ወረቀቱን ጥዬ ወጣሁ። ማሽኑ እየወጣ ነው! ባንዲራው ቀድሞ ወርዷል፤ ማሽኑ ባዶውን ምሰሶ አቅፎ እየተንሻተተ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ተማሪው ሁሉ ከየክፍሉ ግልብጥ ብሎ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጨብኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሁለት ፎቅ ከፍታ በላይ ወጥቶ ጫፉ ጋ ደረሰ። እዚያ የባንዲራው ገመድ የሚዞርባት ትንሽ መዘውር አለች። ማሽኑ ገመዱን በጎማው ስቦ ዋጠው፣ አንድ ሁለቴ አቃሰተና ቆመ።

ሙራድ በስልኩ ውረድ ብሎ አዘዘው። አልወረደም። ደጋግሞ አዘዘ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለቅዳሜ ለማድረስ በጥድፊያ የተጠመዘዘ ሽቦ ሳይላቀቅ አልቀረም። ያኔ እኔ የገመዱን ጫፍ ያዝኩና ጎተትኩ። አልነቃነቅ ሲለኝ የስፖርት መምህሩና አንድ ተማሪ መጡ፤ ሦስት ሆነን ተንጠለጠልንበት። ማሽኑ የባሰ አጥብቆ ያዘ።

ዳይሬክተራችን አቶ ሽፈራው የደረሱት ይሄኔ ነው። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሳጥኑን ፈርመው የተረከቡት እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ይህን ማን ፈቀደላቸው?”

ምሕረትና ሙራድ አጠገቤ ቆመዋል። ቀላል ጥያቄ ነበር። “እኔ ክፍል ውስጥ ወረቀት እያረምኩ ነበር” አልኩ። ውሸት አይደለም። ከውሸት ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ምሕረት ዓይኗን ወደ እኔ አንሥታ፣ መልሳ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። አንዲት ቃል አልተናገረችብኝም።

አቶ ሽፈራው ፍርዳቸውን እዚያው ሰጡ። ሁለቱም ልጆች ወላጅ ይዘው እንዲመጡ። ማሽኑ ቅዳሜ እንግዶቹ ሳይደርሱ ካልወረደና ባንዲራው ካልተሰቀለ ደግሞ ክበቡ ይዘጋል፣ ሳጥኑም ሊጠቀምበት ለሚችል ሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል።

ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁለት ተማሪዎች ባንዲራውን በእጃቸው ዘርግተው ይዘው መዝሙር ተዘመረ። ከላይ ማሽናችን ቁልቁል ያየናል። የሒሳብ መምህሩ በጆሮዬ፣ “ላም አለኝ በሰማይ ወተቱንም አላይ” ብሎኝ አለፈ። መሰላል አስመጣሁ፤ ግማሽ ድረስ እንኳ አልደረሰም። መብራት የሚሠሩ ሰዎችን በረጅሙ መኪናቸው እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ ከማክሰኞ በፊት አይመቸንም አሉ። የሙራድ አባት ከጁምዓ በኋላ መጥተው ምሰሶውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ማሽኑ ላይ ያሉት መለዋወጫዎች ከእሳቸው ሱቅ የጠፉት መሆናቸውን አረጋግጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ምሕረት ከሰዓት በኋላ አባቷን ልታመጣ በሚኒባስ ወደ አገሯ ተሳፈረች።

 ሳጥኑ ቢሄድ ያሳዝነኛል፤ ግን ያንገበገበኝ እሱ አልነበረም። አንድ አባት በሚያነክስ እግሩ፣ እኔ ላጠፋሁት ጥፋት ይቅርታ ሊጠይቅ እየመጣ ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ገብሬ ደረሱ። ቀጭን፣ አጠር ያሉ ሰው ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ወፍራም ገመድ ጠምጥመዋል። ቢሮ ስንገባ ቁጭ በሉ ቢባሉም አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

“ልጄ አጥፍታለች ተባልኩ፣ መጣሁ” አሉ። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው። “ቅጣት ካለ ለእኔ አድርጉት። እሷን ከትምህርት አታስወጧት።”

አቶ ሽፈራው ስለ መንግሥት ንብረትና ስለ ባንዲራ ክብር ማስረዳት ጀመሩ። አቶ ገብሬ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ምሕረት በሩ ጋ ቆማ ታያቸዋለች። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ። “ምሰሶው ላይ ሞክሩት ያልኳቸው እኔ ነኝ። እነሱ ዛፍ ላይ እንሞክር ብለው ለምነውኝ ነበር። ጭቃ ፈርቼ ከለከልኳቸው። ሐሙስ ዕለት እርስዎ ሲጠይቁኝ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።”

 አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ምን ሊሉኝ እንደነበር አላውቅም፤ ምክንያቱም አቶ ገብሬ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁና፣ “እንግዲያው ዕቃውን እንየው” አሉ።

ምሰሶው ሥር ሲደርሱ ዳሱን የሚሠሩት ተማሪዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። ሁላችንም የጠበቅነው እንዲወጡ ነው። እሳቸው ምሰሶውን ያዝ አድርገው ወዘወዙት፤ ጫፉ ተወዛወዘ። “ቀጭን ነው፤ እኔን አይችልም” አሉ። ያኔ ተስፋዬ ቁርጥ አለ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ቀጥሎ ልጃቸውን ማሽኑ እንዴት እንደሚይዝ ጠየቋት። ምሕረት በሁለት እጇ ቀለበት ሠርታ አሳየቻቸው፤ በአንድ ወገን ባትሪው ይከብዳል፣ ዘመም ይላል፣ ይይዛል። አቶ ገብሬ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

“ጎተታችሁት?”

“ሦስት ሆነን” አልኳቸው።

ከልባቸው ሳቁ። ገመዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ግቢው ውስጥ ወዳለው የዋንዛ ዛፍ ሄዱ። ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አዞሩት። ሁለት እርምጃ ወጡና ወደ ኋላ ለጠጥ አሉ፤ ገመዱ ግንዱን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ወዲያው ዛፉን ተጠጉት፤ ገመዱ ላላ፣ አንድ ክንድ ወደ ላይ አዘለሉት።

“ስሸሸው ይነክሳል። ስጠጋው ይለቃል” አሉ። “መምህር፣ አንተ ንከስ፣ ንከስ ብለህ ነው የጎተትከው።”

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ሰበቃን ለዐሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረው እኔ ነኝ። ስዕሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያለሁ፣ ቀስቶቹን በቀይ ጠመኔ አስምሬያለሁ። ማሽኑ በራሱ ክብደት ተንጠልጥሎ ነው የያዘው፤ ቁልቁል በጎተትነው ቁጥር ክብደት ጨመርንለት። መሆን የነበረበት ከሥር ወደ ላይ ማንሣት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህ አልታየኝም።

አቶ ገብሬ ማብራሪያ ላይ ጊዜ አላጠፉም። ዳሱን ዞር ዞር ብለው አይተው ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች መረጡና መፍታት ጀመሩ። አቶ ሽፈራው፣ “ዳሱ! እንግዶቹ የት ይቀመጣሉ?” አሉ፤ የሰማቸው የለም። ሁለቱ ቀርከሃዎች ተቀጣጥለው ታሰሩ፤ ጫፋቸው ላይ አቶ ገብሬ ባላ የመሰለች እንጨት አሰሩና በጨርቅ ጠቀለሏት። ቀርከሃው ሲቆም ከራሱ ርዝመት የተነሣ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ከታች ያዙ፣ እኔና ሙራድ ደገፍን፣ ምሕረት ራቅ ብላ ግራ፣ ቀኝ እያለች ትመራለች።

የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛው የፍሬሙን ጎን ነክቶ ተንሸራተተ። ክንዴ ዛለ። አቶ ገብሬ እንደገና አነሡት። በሦስተኛው ባላዋ ከባትሪው ሥር ገባች። በቀስታ ወደ ላይ ገፉ፤ የዘመመው ፍሬም ቀና አለ፣ ጎማዎቹ ምሰሶውን ለቀቁ፣ የተዋጠው ገመድም ተፈትቶ ላላ። ተማሪው ሊጮህ ሲል አቶ ገብሬ በአንድ ጣታቸው ዝም አሰኙት። ገና መውረድ አለበት፤ ቀርከሃው ከባትሪው ሥር ለአፍታ ከራቀ መልሶ ይነክሳል።

እኩሌታው ላይ ስንደርስ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። እንግዶቹ ቀድመው መጡ። በሩ ተከፈተ፣ መኪናዋ ገብታ ቆመች፣ ሦስት ሰዎች ወርደው ቀና ብለው ያያሉ። አቶ ሽፈራው ሊቀበሏቸው አንድ እርምጃ ሄደው፣ ወደ ምሰሶው ሁለት እርምጃ ተመለሱ። እኛ ማቆም አንችልም። ክንድ በክንድ፣ እጃችንን ቀርከሃው ላይ እያሳለፍን አወረድነው። ከመሬት የአንድ ሰው ቁመት ሲቀረው ባላዋ አመለጠች፤ ማሽኑ ሙራድ ደረት ላይ ወደቀ። ሙራድ አቅፎት በጀርባው ተዘረጋ። አንድ ጎማ ተሰበረ፣ ልጁ ግን ደህና ነው።

አቶ ሽፈራው ባንዲራውን ከቢሮ አመጡና በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አቶ ገብሬ ቀርከሃውን እንደያዙ ቆመው፣ ባንዲራው ጫፍ እስኪደርስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ለእኔ ትልቁ ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እንግዶቹ ሌሎቹን ክበባት ሲያዩ፣ አቶ ገብሬ እኛ ክፍል ገብተው ማሽኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ያገላብጡት ነበር። ለምን እንደተሠራ ልጃቸውን ጠየቋት።

“እንዳትወድቅ ነዋ” አለች ምሕረት። “አንተ ሳትወጣ እሱ እንዲወጣልህ።”

“መውጣት መች አስቸገረኝ?” አሉ። “ከልጅነቴ ጀምሮ እወጣለሁ። ያን ቀን የወደቅሁት ስወጣ አይደለም። ከላይ ሆኜ ቀፎውን በአንድ እጄ ስጎትት ነው። እጅ አነሰኝ።”

ምሕረት ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ ከዛፍ ወደቁ ብላ ነው የምታውቀው፤ እንዴት ብላ ጠይቃቸው አታውቅም። እኔም ሦስት ወር ስለ አቶ ገብሬ ሥራ ስናወራ፣ አቶ ገብሬን እንጠይቃቸው ማለት አልመጣልኝም። እኛ የሠራንላቸው የሚወዱትን ሥራ የሚነጥቅና የሚከብዳቸውን የሚተው ማሽን ነው።

እንግዶቹ እኛ ጋ ሲደርሱ ከመካከላቸው አንዲት ሴት ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምሕረት ቀድማ አይሠራም አለቻት፤ ለምን እንደማይሠራ፣ እንዴት እንደነከሰ፣ ዛሬ ጠዋት ከአባቷ ምን እንደተማረች፣ ቀጥሎ ምን ልትሠራ እንዳሰበች አንድ በአንድ ነገረቻት። ሴትዮዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አቶ ገብሬን ትጠይቃቸው ጀመር። የሚያምር ሥራ ያቀረቡ ሌሎች ክበባት ቅር እስኪላቸው ድረስ እንግዶቹ ከእኛ ክፍል አልወጡም።

ሲመሽ አቶ ሽፈራው ጠሩኝ። ሳጥኑ እዚሁ እንደሚቆይ ነገሩኝ። ሐሙስ ዕለት ላደረግሁት ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ተገቢ ነበር፣ ፈርሜ ወሰድኩ። ሰኞ ጠዋት ክበቡ ፊት ቆሜ ምሕረትንና ሙራድን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሙራድ አፈረና ጣሪያ ጣሪያ አየ። ምሕረት፣ “ቢሮ ውስጥ ሰምቼያለሁ፣ ቲቸር” አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

አንባቢዎቼ፣ ምናልባት እናንተም አስተማሪ፣ አለቃ ወይም ወላጅ ትሆኑ ይሆናል። ልጆች ያሻቸውን ይሥሩ ብሎ መልቀቅ ቀላል ነው፤ እኔም ለቅቄ አስተማርኩ ብዬ ስኩራራ ነበር። ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው የለቀቅኋቸው። አሁን አንድ ቡድን የማንን ችግር እንደሚፈታ ከነገረኝ፣ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ባለቤቱ ጋ ሄዶ አብሮት ይውላል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ቡና ማስጫ አልጋ አጠገብ ቆመን እናቶች ዝናብ ሲመጣ ሸራውን እንዴት እንደሚያለብሱ አይተናል፤ ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሰን ወጥተናል። ግማሹ ሐሳባችን እዚያው ይፈርሳል። ባለሥራው ሲስቅብን ደስ ይለኛል። ከዚያ የተረፈው ይሠራል። ዘንድሮ ጎጃም የመዛወር ዕድል መጥቶልኝ ነበር፤ ፎርሙን አልሞላሁትም። እዚህ ደስ ብሎኛል።

በዚህ ዓመት ምሕረትና ሙራድ ሌላ ማሽን ሠሩ። ይሄኛው ዛፍ አይወጣም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ገመድ ይጠቀልላል። ሞተሩን ሙራድ ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ነው የፈታው። ባለፈው ወር በሸኮ መንገድ ወዳለው ጫካ ይዘነው ሄድን። አቶ ገብሬ እንደ ልማዳቸው ወጡ፤ ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ተደላድለው ገመዱን አዞሩልን። ምሕረት ማብሪያውን ተጫነች። ቀፎው ከመሬት ተነሣና በቀስታ እየተሽከረከረ ቅጠሉ ውስጥ ገባ። ከታች ሆነን አንገታችንን ሰብረን እናያለን፤ ማንም አይተነፍስም። አጠገባቸው ሲደርስ ምሕረት አቆመችው። አባቷ በሁለቱም እጃቸው ተቀበሉት፣ ቅርንጫፉ ላይ አጋድመው አሰሩት፣ ገመዱንም ፈትተው ለቀቁልን። እሷ አንገቷን ደፍታ ታለቅስ ነበር፤ እኔም ከእሷ አልተሻልኩም።

አቶ ገብሬ ከላይ ሆነው ለምን ዝም እንዳልን ጠየቁ። ከዚያም ሌላ ቀፎ እንድንልክላቸው ነገሩን።